ምሳ ሰዓቷን አትንኩባት፦ በመሐል አዲስ አበባ ላላችሁ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ፣ ከለገሀር እስከ ካዛንቺስ ባሉት ሕንፃዎች ውስጥ ሴቶችን ለምታሠሩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች በሙሉ፤

ጤና ይስጥልኝ።

እዚሁ መሐል ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። ወደ እኛ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ የእናንተ ሠራተኞች ናቸው። ገንዘብ ተቀባይ አለች፣ ጸሐፊ አለች፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ አስተናጋጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛም አለች። ደረጃቸውና ደመወዛቸው ይለያያል። ጥያቄያቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ፔሬዴ ተዛባብኝ። ምን ሆኜ ነው?»

ለእናንተ የምጽፈው የመልሱ ግማሽ እናንተ እጅ ላይ ስላለ ነው። መድኃኒት ወይም ሐኪም የሚፈልገውን እኛ እናያለን። ግን ስንት ጊዜ የእርግዝና ምርመራው ኔጌቲቭ ይሆናል፣ የታይሮይድ ውጤቱ ደህና ይሆናል፣ አልትራሳውንዱም ምንም አያሳይም። ከዚያ «ቁርስ ትበያለሽ? ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ምሳሽን የት ትበያለሽ?» ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ይገለጣል። የምትነግረን ስለ ቢሮዋ ነው።

መጀመሪያ ስለ ጤናማው ልናገር። ብዙ ሴት በየ28 ቀኑ ካልመጣባት በሽታ የያዛት ይመስላታል። እንደዚያ አይደለም። ደሙ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ እስከሚቀጥለው የመጀመሪያ ቀን ሲቆጠር፣ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ጤናማ ነው። ደሙ ከ2 እስከ 7 ቀን ቢቆይ ችግር የለውም። ገና የጀመረች ልጅ ላይ ልዩነቱ እስከ 45 ቀን ሊደርስ ይችላል። ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ ሴትም ቀኑ ወዲያና ወዲህ ሊልባት ይችላል። ካለፈው ወር በሁለትና በሦስት ቀን መለየት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

የወር አበባን የሚያዘው ማህፀን አይደለም። ትእዛዙ የሚነሳው ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ሆርሞን ይለቃል። እሱ ፒቱታሪ የምትባለውን ዕጢ ይቀሰቅሳል። ፒቱታሪ ደግሞ ኦቫሪ የሚባሉትን የእንቁላል ዕጢዎች ታዛለች። በዚህ ቅብብል እንቁላል ትጎለምሳለች፣ ትወጣለች፣ ማህፀንም ይዘጋጃል። እርግዝና ካልተፈጠረ የተዘጋጀው ይፈርስና ደም ሆኖ ይወርዳል።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። እንቁላል ከወጣች በኋላ ደም እስኪመጣ ያለው ጊዜ ብዙም አይለዋወጥም፣ ወደ 14 ቀን ገደማ ነው። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት «ዘገየብኝ» ስትል፣ ብዙ ጊዜ የዘገየችው እንቁላሏ ናት። እንቁላሏን ያዘገያት ነገር ደግሞ የትናንት ሳይሆን የዛሬ ሁለትና ሦስት ሳምንት የነበረ ነገር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሰኔው ሩጫ፣ የሰኔው ማምሸት፣ የሰኔው የተዘለለ ምሳ በሴቷ አካል ላይ የሚታየው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ሥራው ስለቀዘቀዘ እሷም ምክንያቱን አታገኘውም። አለቃዋማ ጭራሽ አያስበውም።

አንጎል ይህን ሆርሞን የሚለቀው ሁኔታውን እያየ ነው። ከሚያያቸው ነገሮች ዋናው ምግብ ነው። ሰውነት የገባለት ምግብ ከሚያወጣው ጉልበት ሲያንስ መቆጠብ ይጀምራል። ቤት ውስጥ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው አዲስ ልብስ እንጂ እንጀራ እንዳልሆነው ሁሉ፣ ሰውነትም ልብንና ሳንባን ሳይነካ መጀመሪያ የሚያቆመው ለመውለድ የሚያዘጋጀውን ሥራ ነው። ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል፣ አንጎልም «ጊዜው አይደለም» ብሎ ትእዛዙን ያሳሳል። ጤናማ ወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ለእንቅስቃሴ ከሚወጣው ተርፎ ለሰውነት የሚቀረው ጉልበት ከስብ ውጪ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ30 ኪሎ ካሎሪ በታች ሲወርድ፣ የሆርሞኑ ምት በ5 ቀን ውስጥ ይዛባል። አምስት ቀን ማለት አንድ የሥራ ሳምንት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 ኔዘርላንድ በረሃብ በተመታችበት ክረምት፣ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ጨርሶ ቆሞ ነበር። ምግብ ሲመለስ ተመልሶ መጣ።

የእናንተ ሠራተኛ ረሃብ ላይ አይደለችም ትሉ ይሆናል። ውሎዋን ልንገራችሁ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። የልጆቹን ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች። የምትኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ወይም ቦሌ አራብሳ። ድሮ ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ በእግሯ ቢሮ ትገባ የነበረች ሴት ሰፈሯ ስለፈረሰ ዛሬ ሁለትና ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ሰልፍ ላይ ትቆማለች። 2፡30 ላይ ለመፈረም ስትሮጥ ቁርስ የሚባል ነገር የለም። 4 ሰዓት ላይ አንድ ፓስቲ በሻይ። 6፡30 ላይ ምሳ ልትወጣ ስትል «አንዴ ይቺን ጨርሺልን» ትባላለች። 7 ሰዓት ላይ ተጣድፋ ግማሽ ትበላለች፣ ወይ ትተወዋለች። ያመጣችው ምሳ ዕቃ ቀዝቅዟል፣ የሚሞቅበት ቦታ የለም። ቀዝቃዛ ሽሮ ማን ይበላል? ማታ ቤቷ የምትደርሰው 1፡30 ወይም 2 ሰዓት ላይ ነው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ታስጠናለች። 5 ሰዓት ላይ ትተኛለች። እንደገና 11 ሰዓት።

ይህች ሴት በቀን የሚገባትን ምግብ ከግማሽ በላይ ያገኘችው ማታ ነው፣ እሱም አቅሙ ካላት። የተኛችው ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ይጮህባታል። ከዚያ የወር አበባዋ ቢዘገይ ምን ያስገርማል?

ጭንቀትን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። «ሴት ስሜታዊ ናት» የሚለውን ወሬ አልፈልገውም። ጭንቀት በሰውነት ውስጥ ሆርሞን ነው። አንድ ሰው ሲፈራና ሲጨነቅ አንጎሉ የጭንቀቱን መልእክት ይልካል፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ይለቃሉ። ያው መልእክት በዚያው አንጎል ውስጥ የወር አበባውን ትእዛዝ ያፍነዋል። የአንድ ቀን ንዴት ይህን አያደርግም። ለሳምንታት የሚቆይ ጭንቀት ግን ያደርጋል፦ የቤት ኪራይ ሲጨመር፣ ኮንትራቷ ይታደስ አይታደስ ሳታውቅ ስትቀር፣ ካዝና ጎደለ ተብላ ከደመወዟ ሲቆረጥ፣ በሰው ፊት ስትሰደብ። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ግቢ የሚማሩ ልጆችም የፈተና ሰሞን ይመጡብናል። ከክፍለ ሀገር መጥተው ዶርም የገቡት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ላይ ይብሳል። ከቤት መራቅ፣ የምግብ ለውጥና እንቅልፍ ማጣት አንድ ላይ ይመጡባቸዋል። አብዛኞቹ ኑሮው ሲረጋጋ በራሱ ይስተካከልላቸዋል።

ሁሉም ሴት እኩል አትነካም። ሁለት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ፣ አንዷ ሲዛባባት ሌላዋ ቀኗን ሳትስት ትቀጥላለች። ያቺኛዋ ጠንካራ ይቺኛዋ ደካማ ናት ማለት አይደለም።

እንቅልፍ ላይ ትልቁ ችግር ፈረቃ ነው። ሆቴል፣ ጥበቃ፣ ሆስፒታል፣ የስልክ ጥሪ ማዕከል የሚሠሩ ሴቶችን እናያለን። ቀንና ሌሊት እየተቀያየረ በሚሠሩ ነርሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የፈረቃው ዘመን በረዘመ ቁጥር የወር አበባ መዛባትም እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሰውነት ጨለማና ብርሃንን ተከትሎ ነው ሰዓቱን የሚይዘው። ሳምንቱን ቀን፣ ቀጣዩን ሌሊት፣ ከዚያ እንደገና ቀን ስታደርጉት ሰዓቱ ይጠፋበታል። ሌሊት የሚሠራ ሰው መኖሩ የግድ ነው። የፈረቃ መርሐ ግብሩን ግን ቀደም ብሎ ማሳወቅና በየጊዜው አለመገለባበጥ ይቻላል። ለዚህ ብር አያስፈልግም።

ስለ ደምና ስለ ብረት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሴቶቻችን የሚጎዱት።

አንዲት ሴት በአንድ የወር አበባ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳታል። ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ ብዙ ነው ይባላል። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። ስለዚህ ብዙ የሚፈሳት ሴት በየወሩ 40 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ብረት ታጣለች። ይህን የምትተካው ከምግብ ነው። ለዚህም ነው በመውለጃ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት የሚመከረው፣ ለወንድ 8 ሲበቃው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአራት አንድ ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ፈዛ የምታዩዋት ልጅ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች። ደም አንሷት ይሆናል።

«ጤፍ እየበላን እንዴት ብረት ያንሰናል?» ይሉኛል። ጤፍ ላይ ብረት አለ፣ እውነት ነው። ከፊሉ ግን እህሉ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፣ ሰውነት በደንብ አይጠቀምበትም። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ደግሞ ብረቱን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ይህ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ብርቱካን አብሮ ሲበላ ብረቱ ይበልጥ ይገባል። ምስሩ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ በያይነቱ ላይ የቲማቲም ሰላጣ መጨመር ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ቡናው ይመጣል። እኔ ራሴ ቡና ወዳድ ነኝ፣ ቡና አቁሙ የሚል ሰው አይደለሁም። ግን የታወቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣ ጥናት፣ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ከምግቡ ይገባ የነበረውን ብረት በ39 በመቶ ቀንሶታል። ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተጠጣ ቡናም ያንኑ ያህል ቀንሶታል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አላደረገም። ታዲያ የእኛ ሠራተኛ መቼ ነው የምትጠጣው? ልክ ምሳዋን ዋጥ እንዳደረገች፣ ምክንያቱም የዕረፍት ሰዓቷ ያ ብቻ ነው። ወደ 9፡30 ገደማ የአሥር ደቂቃ የቡና ዕረፍት ብትሰጧት ምሳዋን በውሃ በልታ ማኪያቶዋን ያኔ ትጠጣለች። ይህን ያህል ቀላል ነው። የቡናውን ሰዓት ማንሳት ብቻ የማንንም ደም ማነስ አያድንም፣ በክኒን መታከም ያለባት መታከም አለባት። ግን በየቀኑ ይደጋገማልና ይጠራቀማል።

ስለ ጾም ልናገር። ጾም ቅዱስ ነገር ነው፣ እኔም እጾማለሁ። የጾም ምግብ ለሴት አይበቃም የሚል ሐሳብ የለኝም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ኑግ ጥሩ ምግብ ነው። የሚጎዳው ማነሱ ነው። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት አንዳንዷ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምስ ቆይታ፣ ከዚያ አንድ ሳምቡሳ በሻይ ይዛ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ማታ ደግሞ ደክሟት ትተኛለች። ያኔ የሚጎዳት ጾሙ ሳይሆን ምግቡ ራሱ መቅረቱ ነው። የታመመች፣ ያረገዘች ወይም ደም ያነሳት ሴት ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገር መፍትሔ አለው፣ ብዙ አባቶችም ይረዳሉ። ሙስሊም እህቶቻችን በወር አበባ ጊዜ ጾሙ የለባቸውም፣ በኋላ ይተኩታል። ይህን የማያውቅ አለቃ ረመዳን ላይ ስትበላ አይቷት «አትጾሚም እንዴ?» ብሎ ያሳፍራታል። እባካችሁ አትጠይቋት። የእናንተ ድርሻ ይህ ነው፦ በጾም ሰሞን ረጅም ስብሰባ 9 ሰዓት ላይ አትጥሩ፣ በረመዳን ኢፍጣር የሚደርስበትን ሰዓት ጠብቁላት፣ ካፌ ካላችሁ ረቡዕና ዓርብ ከፓስቲ የተሻለ የጾም ምግብ ይኑር።

ሌላም ወገን አለ፣ ባጭሩ ልለፈው። ብዙ መቀመጥና የክብደት መጨመርም ዑደቱን ያዛባል። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው፣ ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በጊዜዋ የማትወጣበት ችግር፣ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 እስከ 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ውፍረት ያላት ሴት ከክብደቷ ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ብትቀንስ እንቁላሏ መውጣት ሊጀምር ይችላል። በተቃራኒው ለጥር ሰርጓ ብላ ጂም ገብታ፣ ምግብ ትታ፣ በሁለት ወር ብዙ ኪሎ የጣለች ሙሽራ ፔሬዷ ጠፍቶባት ትመጣለች። ጫት የምትቅም ከሆነች የምግብ ፍላጎቷም እንቅልፏም ይጠፋል። ፖስትፒል የወሰደች ሴት የዚያ ወር ቀኗ ሊቀድም ወይም እስከ ሳምንት ሊዘገይ ይችላል። የሦስት ወር መርፌ ወይም ክንድ ላይ የሚቀበረው መከላከያ ያላት ሴት ደም መቅረቱም መንጠባጠቡም የተለመደ ነው። እነዚህን ለነርሷ መንገር አለባት፣ አለዚያ ያለ ምክንያት ብዙ ምርመራ ትከፍላለች።

ቁርጠቱስ? እሱን በጥሞና ስሙኝ። ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ያመነጫል። እሱ ጡንቻውን ያጨማትረዋል። አንዳንዷ ላይ ስለሚበዛ ሕመሙ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል። ፈጠራ አይደለም። ኢቡፕሮፌን የሚሠራው ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው፣ ስለዚህ ሕመሙ ሲጀምር ወዲያው ቢወሰድ ይሻላል። በባዶ ሆድ ግን አይሆንም። ጨጓራ ያለባት ሴት መጀመሪያ ታማክር። እዚህ ላይም ያው የምሳ ነገር ይመጣል፣ ያልበላች ሴት መድኃኒቱን እንዴት ትውሰድ? ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ሆድ ላይ መያዝ ይረዳል። ብዙ ሴቶች ሃይላንድ ውስጥ ሞልተው በነጠላ ይጠቀልሉታል። ቀስ ብሎ መራመድም ይረዳል። «ስትወልጂ ይለቅሻል» የሚለውን ምክር ግን እንተወው። ሕመሙ በየወሩ ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ ወይም እየባሰ ከሄደ መታየት አለበት። ከመውለጃ ዕድሜ ሴቶች ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ የሚያድግበት በሽታ፣ እንዳለባቸው ይታወቃል። ስንቶቹ «ቻይው» ተብለው ዓመታት እንደሚያሳልፉ ሳስብ ያንገበግበኛል።

መታየት ካለባቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹን ለሠራተኞቻችሁም ንገሩልኝ። ቀኗን የምታውቅ ሴት ሦስት ወር ሙሉ ከቀረባት፣ ደሙ ከ8 ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ሞዴሷ በሰዓት ወይም በሁለት ሰዓት እየሞላ ከቸገራት፣ በሁለት የወር አበባ መካከል ደም ካየች፣ ካረጠች በኋላ ደም ከታያት፣ «ጭንቀት ነው» ብላ ቁጭ አትበል። ቀኗ ካለፈ ደግሞ ከሁሉም በፊት እርግዝና ይመርመር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። የወር አበባ ፈቃድ ስጡ ብዬ አልመጣሁም። በዚያ ላይ ሴቶቹ ራሳቸው አይስማሙም፣ «ከዚያ ሴት አይቀጥሩም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስጋታቸው ይገባኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድን ይፈቅዳል፣ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። አንዳንዷ ሐኪሙን «እባክህ ጨጓራ በልልኝ» ብላ ትለምናለች። ለምን? ወረቀቱ ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ አምስት ጠረጴዛ ላይ ስለሚዞር ነው። የሐኪም ማኅተም ያለበትን ወረቀት በፖስታ ታሽጎ አንድ ሰው ብቻ እንዲቀበለው አድርጉ። ዝርዝሩ ለማንም አያስፈልግም።

በየዓመቱ ግንቦት 20 የዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀን ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ያን ቀን አዳራሽ ሰብስቦ ሞዴስ ያድላል፣ ፎቶ ይነሳል። መልካም ነው፣ አልጠላውም። ግን በማግሥቱ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ እንደገና ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። አንዲት ሴት ሞዴሷን በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መቀየር አለባት። ቁልፍ ለመጠየቅ በወንዶች መሐል ማለፍ የምታፍር ሴት ውሃ መጠጣት ትተዋለች። ከዚያ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዟት ትመጣለች። ይህን በየሳምንቱ እናያለን ማለት እችላለሁ። የሕንፃው ሮቶ ባዶ ሲሆን ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴት በሃይላንድ ውሃ ይዛ ትወጣለች።

በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ተሠርተዋል። መንገደኛው ካገኘ ስምንት ሰዓት የምትሠራላችሁ ሴት ለምን ታጣለች?

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ምሳ ሰዓቱ ሙሉ ምሳ ሰዓት ይሁን፣ ስብሰባም ደንበኛም አይግባበት። ምሳ ዕቃ የሚሞቅበት አንድ ማይክሮዌቭና የሚቀመጡበት ክፍል ይኑር፣ መጋዘን አጠገብ ያለ ቤት ቢሆንም ጠርጋችሁ ስጡ። ከኮዬ ፈጬና ከአራብሳ የሚመጡት 2፡30 ፈርመው በ3 ሰዓት ላይ አሥር ደቂቃ ቁርስ ቢበሉ ሥራው አይቆምም፣ እንዲያውም እስከ ምሳ ጭንቅላታቸው ይሠራል። ሰርቪስ ያላችሁ ሴቶቹን ከሰልፍ አውጧቸው። ሰኔ ላይ ሰው የምታስመሹ ከሆነ እራት አብሉ። የጽዳት ሠራተኞቹን አትርሱ። በኤጀንሲ ስለተቀጠሩ ከዚህ ሁሉ የሚቀሩት እነሱ ናቸው፣ ከሁሉም በላይ ጉልበት የሚያወጡትም እነሱ።

የሚቀጥለው በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ማይክሮዌቩ፣ የመጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያው፣ ተጨማሪው ሮቶ በዚያ ውስጥ መግባት ይችላሉ። እስከዚያ ግን በጀት የማይጠይቅ አንድ ነገር አለ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ባልደረባችሁን ወደ ሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ላኩና አራት ነገር ታይላችሁ፦ ውሃ አለ ወይ፣ ሳሙና አለ ወይ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያ አለ ወይ። ከእነዚህ የጎደለውን እስከ ሰኞ አሟሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በመሐል አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት ነርስ